የእማማ ስንዱ የጡት ልጆች

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ሙሽሮቹ እስኪመጡ ከአጠገቤ ካሉት ሴትዮ ጋር የኑሮ ውድነት እያማረርን ነበር። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሸራው ሞቀና ያ ሽታ መጣ። የጋለ ሸራ፣ የተረገጠ ሣር፣ የብዙ ሰው ትንፋሽ። ሴትዮዋ እያወሩኝ ነው፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም፤ አፍንጫዬ ቀድሞኝ መንዝ ገብቷል። ቢያዩ ቢያዩ ዝም ስልባቸው «ምነው፣ አሞሽ ነው?» አሉኝ። «ኧረ ልጅነቴ መጥቶብኝ ነው» አልኳቸው። «እሱስ ሁላችንም ላይ ይመጣል» ብለው ወደ ሽንኩርቱ ዋጋ ተመለሱ።

እኔ ልጅነቴ ሲባል ብዙ ዓመት አይታየኝም። የሚታየኝ አንድ ዓመት ነው፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት። ዕድሜዬን በውል የሚያውቅልኝ አልነበረም። እናቴ «ገብሱን በረዶ በመታው ዓመት ነው የወለድኳት» ትላለች፤ አገራችን ግሼ ውስጥ ደግሞ ገብስን በረዶ ያልመታበት ዓመት ስንት ነው? ብቻ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብለው ነበር። ይህን የማስታውስበት ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

ዝናቡ አንድ ዓመት ቀረ፣ ተመልሶ ደግሞ ቀረ። ከብቱ አለቀ። የሰፈራችን አስተማሪ አንድ ቀን ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ያየው ሰው አለ፣ ሲመለስ ያየው ግን የለም። በመጨረሻ አባቴ እናቴንና እኔን መሐል ሜዳ ከተማ መጠለያ ተከፍቷል ወደሚባልበት እንድንሄድ ነገረን። እሱ ቤቱንና ዘሩን ሊጠብቅ ቀረ። ዘሩ ማለት አንዲት ስልቻ ገብስ ናት። ሌሊት ሌሊት ተንተርሷት ይተኛል። ሰው እንዴት ሆዱ እየጮኸ እህል ተንተርሶ ይተኛል? እኔ አባቴ ስስታም የሆነ መስሎኝ አኩርፌው ነበር፣ ስንለያይም በቅጡ አልሳምኩትም። እሱ ግን ለእናቴ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ የትም ብትደርሱ ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ትግባ፣ ዝናቡ ቢቀር ቢቀር የእሷ ዓመት አይቅር አላት።

መጠለያው ከከተማው በታች ሜዳ ላይ የተተከለ የሸራ ድንኳን ነው። የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው፤ ሌሊት ውርጩ ሸራውን ያደርቀውና ጠዋት ሲነኩት እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይግልና ያ ሽታ ይነሳል። ጠዋት ከትልቅ በርሜል የስንዴ ቅንጬ እየተጨለፈ ይሰጠናል። ክፉ ነገርም ነበር፤ ከአጠገባችን ድንኳን ሰው በባና፣ በዚያ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተጠቅልሎ ሲወጣ አይቻለሁ። እሱን ግን ዛሬ አላወራም። ስለሱ የሚያወሩ ሞልተዋል፤ እኔ የማወራው ሌላ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከከተማው በኩል ደወል ይሰማል። እኛ ደወል የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሲደወል የመጠለያው ልጅ ሁሉ ብድግ ብሎ አማተበ፣ ትልልቆቹም እንዲሁ። አብረውን ከግሼ የመጡት ቄስ ገብሬ ምን ዓይነት ቅዳሴ ነው በዚህ ሰዓት ብለው ተጨነቁ፤ ቀኑ የየትኛው ታቦት እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው አጡት። ስናማትብ ስናማትብ ሰንብተን ነው አንድ የከተማ ልጅ መጥቶ በሳቅ የሞተብን። ለካ የመኪና ቸርኬ ነው፣ ተማሪ ለሰልፍ ሊጠራ የሚመታ! ሌላው አፍሮ ተወው። እናቴ ግን «ለትምህርት ከሆነ ብናማትብስ ምን አለበት» ብላ ማማተቧን ቀጠለች፤ በነጋታውም ፊቴን አጥባ ይዛኝ ሄደች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አልነበሩም። የኮታቸው ክርን የተጣፈ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። ለእናቴ ወንበር ሰጧት፤ እሷ ወንበር ላይ መቀመጡ አሳፍሯት መሬት ላይ ተቀመጠች። ደንቡን አስረዷት። ተማሪ የሚመዘገበው ወላጁ የከተማው ቀበሌ ነዋሪ ሲሆን ነው። የመጠለያ ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ሰፈራ ይሄዳል። ክፍሉም ሞልቶ የከተማው ልጅ ራሱ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። እናቴ ሁሉንም ሰማቻቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ወላጇ ነዋሪ ቢሆን ትገባለች ወይ? ያኔማ ምን ይከለክላታል አሏት። ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። እኔ ግን ከነገሩ ሁሉ የገባኝ አልገባሽም መባሌ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

እማማ ስንዱን ያገኘናቸው ያን ዕለት ነው። ከተማው አልቆ የመጠለያው መንገድ የሚጀምርበት ላይ የድንጋይ ቤት አላቸው። ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ቀጭን ናቸው፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ምላሳቸው ደግሞ ምላጭ ነው። ባላቸው ባና ሠሪ ነበሩ፤ ሞተዋል። ልጅ አልወለዱም። በዚያ አገር ያልወለደች ሴት ምን እንደምትባል የታወቀ ነው፤ ሰው በፊታቸው ባይለውም ከኋላቸው ይለው ነበር፣ እሳቸውም ያውቁታል። ለቅሶዬን ሰምተው «ይቺን ልጅ ምን አድርጋችኋት ነው?» አሉ። እናቴ ነገረቻቸው። መደቡ ላይ ጠጋ አሉላት። እናቴም ተቀምጣ ጠጉሩን ታፍታታ ጀመር። መንዝ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ቁና ጠጉር ፊት ከተቀመጡ ተዋወቁ ማለት ነው፣ ሌላ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ በየቀኑ እሳቸው ዘንድ መዋል ጀመረች። አብረው ይፈትላሉ፤ ለእኔ አንዳንዴ እፍኝ ቆሎ አይጠፋም። አንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ ስጫወት የእማማ ስንዱን ድምፅ ሰማሁ።

«እንግዲያው ስጪኛ» ይላሉ።

እናቴ አባቷ ምን ይለኛል ስትል ሰማሁ፤ አባቷንማ ማን ነካው አሏት። በመጨረሻ እናቴ «በሉ፣ ሰጥቼዎታለሁ» አለች።

መጠለያው ውስጥ ልጆች በመኪና እየተጫኑ ሩቅ አገር ይወሰዳሉ፣ ስማቸውም ይለወጣል የሚል ወሬ ነበር። እንግዲህ የኔም ተራ ደረሰ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ እውነት መሆኑን ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። በልጅ ጭንቅላቴ ያወጣሁት ዘዴ ግን ነበረኝ። ክፉ ልጅ ከሆንኩ ይመልሱኛል። ክፉ በግ የገዛ ሰው እንኳ ወደ ገበያ ይመልሳታል አይደል? እንዴት ነው ክፉ የምሆነው የሚለውን ብቻ ሳስብ ሰነበትኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ፀጉሬን ሠርታ እማማ ስንዱ ቤት ወሰደችኝ። ቄስ ገብሬ አሉ፣ ሁለት ጎረቤቶችም አሉ። እማማ ስንዱ ከሙዳያቸው ትንሽ ጠርሙስ ማር አወጡ። ጡት መጣባት ያገራችን የቆየ ወግ ነው። የሌላ ሰው ልጅ የራሱ ሊያደርግ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በምስክር ፊት ልጁን ያጠባዋል። ከዚያ በኋላ የጡት ልጁ ነው፤ እንደ ወለደው ይቆጠራል፣ ቢታመም ያስታምመዋል፣ ቢበድል ይክስለታል፣ ይህን የሚክድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቆምም። ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ቀን የማየው ማሩን ብቻ ነበር።

ጣታቸውን አፌ ውስጥ ሲያገቡት ጣፋጩ ናላዬን አዞረው። ጣፋጭ የሚባል ነገር ከቀመስኩ ከርሜያለሁ። ወዲያው ግን የተሸጥኩት በዚህች ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ነከስኳቸው። እንዲያው በዋዛ አይደለም፣ በአዲሶቹ ጥርሶቼ እስከ አጥንቱ ነው የነከስኳቸው። ቄሱ «በስመ አብ!» አሉ። እናቴ በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሳች። እማማ ስንዱ ጣታቸውን እያራገፉ ሳቁ፣ ሳቃቸው አላቆም አለ።

«ተዪያት» አሉ። «ሌላው ልጁ ጥርስ እስኪያወጣ ስንት ወር ይጠብቃል። እኔ ከነጥርሷ ወለድኳት።»

ቄስ ገብሬ አሳድጎ ለቁም ነገር ያብቃሽ ብለው መረቁኝ። እኔ መኪናውን መጠበቅ ጀመርኩ። መኪና የለም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እማማ ስንዱ ብርዱ ሳይገባ ሂጂ፣ ጠዋት ግን ደወሉ ሳይደወል እዚህ እንዳገኝሽ አሉኝ። ከማን ጋር ነው የምሄደው ብዬ ጠየቅኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ከእናትሽ ጋር ነዋ!» አሉኝ። ይኸን ጊዜ ነው የያዝኩት ለቅሶ ሁሉ የፈነዳው። እናቴም ነገሩ ሲገባት አቅፋኝ አለቀሰች፤ «አንቺ ሞኝ፣ እኔ አንቺን ሰጥቼ ምን ልሆን?» ትለኛለች። ያን ለቅሶዬን አሁንም እወደዋለሁ፤ እንደሱ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

በነጋታው እማማ ስንዱ እጄን ይዘው ዳይሬክተሩ ፊት አቆሙኝ። የቀበሌ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ዳይሬክተሩ የአባቴን ስም ሲጠይቁ ደምሴ ነው አሏቸው። እርስዎስ ምኗ ነዎት ሲሏቸው «እናቷ» አሉ። ዳይሬክተሩ ቀና ብለው ባለፈው ሌላ እናት ይዛት መጥታ ነበር አሏቸው።

«እሷም እናቷ ናት» አሉ እማማ ስንዱ። «ለልጅ እናት በዛ ተብሎ ተከልክሎ ያውቃል?»

ዳይሬክተሩ አገራቸው መንዝ ነው፣ ወጉን ያውቁታል። ትንሽ ፈገግ ብለው መዘገቡኝ። ክፍል ገባሁ። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ራስ ሰሌዳውን ይከልለኛል፣ ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ ሸራውን ፀሐይ ሲመታው እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን የመጠለያ ሰው ዓይን አለው። በሦስተኛው ቀን ሌላ እናት ልጇን ይዛ እማማ ስንዱ ደጅ ቆመች። እማማ ስንዱ አላንገራገሩም፣ ጠርሙሷን አወጡ። በሳምንቱ ሁለት እናቶች መጡ። ከዚያ እናቶቹ መደቡ ላይ ወረፋ መጠበቅ ጀመሩ፤ ባዶ እጅ ላለመምጣት ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ ጠጉር ይፈትላሉ። ጠርሙሷ ተሟጠጠች። በዚያ ድርቅ ንብ ራሷ ተሰዳለች፣ ማር ከየት ይመጣል? እማማ ስንዱ ከቀበሌ ሱቅ የተሰጠቻቸውን የወር ስኳር በጥብጠው ቀረቡ። አንዲት ጎረቤት ያለ ማር ይጸናል ወይ ብላ ጥያቄ አነሳችና ወግ ሊፈርስ ነው ተባለ። ቄስ ገብሬ ካሰቡ በኋላ የሚያስረው ማሩ ሳይሆን ቃሉ ነው ብለው ፈረዱ፤ ማሩ ለልጁ ነው፣ ቃሉ ለእግዚአብሔር ነው አሉ። እኔን ግን ከዚያ ወዲያ የመጡት ልጆች ያሳዝኑኝ ነበር። በስኳር የተወለዱ ናቸው ብዬ እኮራባቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ልጅ ነኝ።

እማማ ስንዱ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ማናችንም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀረጥ ሳንከፍል በደጃቸው አናልፍም። ቀረጡ ያን ቀን የተማርነው አንድ ነገር ነው። አንዱ ስድስት ሰባት አርባ ሁለት ይላል፣ ያልፋል። አንዱ ልብ ደም ይገፋል ይላል፣ ያልፋል። አንድ ቀን እኔ ምድር ክብ ናት አልኳቸው። እንዝርታቸውን አቁመው ሜዳውን ቁልቁል አዩት። «ይቺን ለነገ አስተካክለሽ አምጪ» አሉኝ። በማግስቱ ሄጄ አስተማሪው አሁንም ክብ ናት አሉ ስላቸው «እንግዲህ እሳቸው ካሉ ትሁን፣ ግን ገብሱ እንዳይንከባለል» አሉና አሳለፉኝ። እናቶቻችንም መደቡ ላይ ሆነው ይሰማሉ። እናቴ የስድስትን ማባዣ በቃሏ የያዘችው እዚያ ነው።

ክፍሉ ግን መጨናነቁ አልቀረም። የከተማው ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ልጆቻቸው ቦታ አጥተው በር ላይ ደርሰው ነበር። ወሬው ቀበሌ ደረሰና እማማ ስንዱ ተጠሩ። እኛም ልጆቹ ተከትለናቸው ሄድን፣ ማንም አልጠራንም። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ፣ ገና ጎልማሳ ነው። የልጆቹን ስም ከነአባታቸው አነበበ። ደምሴ አለ፣ ጥላሁን አለ፣ ሽፈራው አለ፣ አበጋዝ አለ፣ ማብቂያ የለውም።

«እማማ» አለ፣ «ይሄ ሁሉ ባል መቼ ነበረዎት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ባልወለደች ሴት ላይ በዚህ መሳቅ ምን ያህል እንደሚያም ልጅም ብሆን ገባኝ። እማማ ስንዱ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

«ባሌስ አንድ ነበር» አሉ። «እሱም ልጅ ሳይሰጠኝ ሞተ። እነዚህን የሰጡኝ እናቶቻቸው ናቸው።»

ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ። ይሄ ያለፈው ሥርዓት ልማድ ነው፣ አብዮቱ አያውቀውም አለ። ደግሞ ወጉን በአደባባይ መስደቡን የፈራ መሰለኝ፣ የራሱ ሽማግሌዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በሌላ በኩል መጣ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ሊሠራ ነው፤ ወላጅ ሁሉ በየልጁ ቁጥር ድንጋይ ከተራራው ሥር እንዲያቀርብ ተወስኗል።

«እናት ነኝ ካሉ የእናት ሥራ ይሥሩ» አላቸው። «እስከ ቅዳሜ ማታ የሁሉንም ድርሻ ያቅርቡ። ካልሆነ ልጆቹ ሰኞ ይወጣሉ።»

እማማ ስንዱ እሺ ብለው ወጡ። እኔ እጃቸውን አየሁት። እንዝርት ብቻ የሚችል፣ ደም ሥሩ የወጣ እጅ ነው፤ አውራ ጣታቸው ላይ የጥርሴ ምልክት ገና አለ። ሰኞ እንደምወጣ ቁርጤን አወቅኩ። መንገድ ላይ ምን ሊያደርጉ ነው ስላቸው «ደቦ እጠራለሁ፣ ምን አደርጋለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ሥር ስንደርስ የመጠለያው ሰው ቀድሞን ተደርድሯል። እናቴ አለች፣ የጥላሁን ሚስት አለች፣ ቄስ ገብሬ ጥምጥማቸውን ፈትተው ወገባቸው ላይ አስረውታል። እንደ ጤነኛ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድበት ጉልበት ማንም አልነበረውም። ስለዚህ ከተራራው ሥር እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ተሰለፉና ድንጋዩን እጅ ለእጅ ይቀባበሉት ጀመር። እማማ ስንዱ መጀመሪያው ላይ ቆመው እያንዳንዱን ድንጋይ በልጅ ስም ይጠሩታል፤ ይቺ የአስካለ ናት፣ ይቺ የደረጀ ናት ይላሉ። የኔን፣ የአስካለን ስም ሲጠሩ ድንጋይዋን እስከ አጥሩ በዓይኔ እሸኛታለሁ። ከእናቴ እጅ ላይ ስትደርስ እናቴ ደረቷ ላይ አስጠግታት ነው ያሳለፈቻት።

እኩለ ቀን ሆነ። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ይህን የማያውቅ መንዜ የለም። እማማ ስንዱ የሚያበሉት አልነበራቸውም። ሰው ድንጋይ ጥሎ አረፍ ሲል መሶብ አይታይም፣ ጋን አይታይም፣ የእማማ ስንዱ ፊት ብቻ ነው የሚታየው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እፍረት ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። የከተማው ሴቶች በየደጃቸው ቆመው ያዩናል። እነሱም አፈሩ መሰለኝ። ያለ እህል የዋለ ደቦ በከተማቸው ታይቶ ከዚያ በኋላ በምን አፋቸው ይናገራሉ? አንዷ ወደ ቤቷ ገባች፣ በሶ በጥብጣ ይዛ ወጣች። ሌላዋ ንፍሮ አመጣች። ለራሳቸውም የተረፋቸው ዓመት አልነበረም። ከሁሉ በኋላ የሊቀመንበሩ ሚስት በእንስራ ጠላ አሸክማ መጣች፣ ባሏ ያለበትን ዞር ብላም አላየችው። ምግብ ከተበላ ደግሞ ደቦው የሁሉም ነው። የከተማው ወንዶች ጋቢያቸውን ጣል እያደረጉ ሰልፉ ውስጥ ገቡ፤ ድንጋዩ መፍጠን ጀመረ።

ሊቀመንበሩ ማታ ክምሩን ሊያይ መጣ። ዞረው፣ ዳር ዳሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። ተመልሶ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ቸርኬው ሲመታ ማንም አላስወጣንም። አዲሱ ክፍል እስኪሠራ ከሸራዎቹ አንዱ ተነስቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተተከለልንና ግማሻችን እዚያ ተማርን። የመጠለያው ሰው ሸራውን የሰጠው ሁለት ድንኳን ሰው አንድ ላይ ተጨናንቆ ተኝቶ ነው።

የበልጉ ዝናብ ጥቂት ጠብ አለ። ሰኔ ላይ ሰማዩ በእውነት ጠቆረ። የወላጆች ቀን የሆነው እንዲህ ደመናው ዝቅ ብሎ ባለበት ጠዋት ነው፤ ያለፈ ተማሪ ስሙ ይጠራል፣ ወላጁ ብድግ ይላል፣ ይጨበጨብለታል። ያን ዕለት ማለዳ አባቴ ከግሼ ደረሰ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ያቺን ስልቻ ገብስ ዘርቶ ነው የመጣው። በዓመቱ ውስጥ የሆነውን አንዱንም አልሰማም። እናቴ ለመናገር ጊዜ አላገኘችም፣ እጁን ይዛ ከወላጆቹ መሐል አስቀመጠችው።

ስም መጠራት ተጀመረ። የመጀመሪያው የመጠለያ ልጅ ሲጠራ እናቱ ተነሳች፣ እማማ ስንዱም ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። ተጨበጨበ። እናትየዋ ተቀመጠች፣ እማማ ስንዱ አልተቀመጡም። ሁለተኛው ተጠራ፣ ሦስተኛው ተጠራ። ዳይሬክተሩ አዝነውላቸው «እማማ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» አሏቸው።

«ምን አሳረፈኝ» አሉ፣ «ልጆቼ መች አለቁና።»

ቀጥሎ ዳይሬክተሩ «አስካለ ደምሴ!» ብለው ጠሩ።

በዚያ ዘመን በስብሰባ መሐል ስምህ ከተጠራ ወይ ለሰፈራ ነው፣ ወይ ለዘመቻ ነው፤ ለጭብጨባ ተጠርቶ የሚያውቅ ገበሬ የለም። አባቴ የሰማው «ደምሴ» የሚለውን ብቻ ነው። ተፈናጥሮ ተነሳ። ከራሱ ላይ ጨርቁን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘና «አቤት ጌታዬ፣ አለሁ፤ መሬቴን ዘርቼዋለሁ፣ ቤቴንም አልለቀቅኩም!» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሳቁ ግን እንደዚያ የቀበሌው ሳቅ አልነበረም። እኔ ከሰልፉ መሐል ሆኜ አየሁት። ያን ጭቃ እግሩን፣ ያን ጨርቁን የጨበጠ እጁን። ስልቻዋን ለምን ተንተርሷት እንዳደረ ያኔ ነው የገባኝ። ሮጬ ሄጄ ብስመው ፈለግኩ፣ ከሰልፍ መውጣት ግን ክልክል ነው። እየተጨበጨበለት መሆኑን ቀስ በቀስ አወቀ። ዙሪያውን ሲያይ አንዲት የማያውቃቸው አሮጊት ከፊት ለፊቱ ቆመው ለእሱ ልጅ ሲያጨበጭቡ አያቸው። ወደ እናቴ ጎንበስ አለ።

«እኚህ ሴትዮ ማናቸው?» አላት።

«እናቷ ናቸው» አለችው እናቴ።

አባቴ እናቴን አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንደገባው አላውቅም። ሊቀመጥ ሲል እናቴ ጋቢውን ያዘችው።

«አትቀመጥ» አለችው። «ገና ሌሎች ልጆች አሏቸው።»

አባቴም አልተቀመጠም። የማያውቃቸው ልጆች ስም አንድ በአንድ ሲጠራ፣ ከእማማ ስንዱ ጋር እስከ መጨረሻው ቆሞ አጨበጨበ።